አሮጌው ሌንስና የወንዙ አረፋ

ወርቅቱ ገርባ ተጸያፊ ናት። ይህን የማያውቅ የሰበታ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ፎቶ ቤቷ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያያት እጇን ስትታጠብ ነው። ፎቶ ቤቱን ከቀድሞው ባለቤት ስትረከብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኮት ነበር፤ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚነሳ ሁሉ እየተቀባበለ የሚለብሰው፣ ኮሌታው በሰው ላብና በቅባት ደርቆ ቆርቆሮ የመሰለ ኮት። የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን ኮት በእንጨት አንስታ ጓሮ ወስዳ ማቃጠል ሆነ። ደንበኞች "ኮት የሌለው ምን ፎቶ ቤት ነው?" ብለው አጉረመረሙ። እሷ ግን ኮቱ ሲቃጠል የሸተታት ሽታ ከአፍንጫዋ አልወጣ ብሏት ሳምንቱን በወጉ እህል አልቀመሰችም።

የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ነው። እናቷ ላም ሲያልቡ ጥጃውን እንድትይዝ ጠርተዋት፣ የላሟ ጭራ እበት ነክሮ ፊቷን የገረፋት ዕለት ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ በዘመድ መሐል እየተነሳ ይሳቅበታል። "ይቺስ የእርሻ ሰው አይደለችም" ተባለና አስረኛ ክፍል ስትጨርስ ቡራዩ አክስቷ ዘንድ ተላከች። እዚያ ነው ጋሽ ጌታቸው ፎቶ ቤት የተቀጠረችው። ጋሽ ጌታቸው በወጣትነታቸው ከጎንደር መጥተው ቡራዩ የቀሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ፊልም ማጠብን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ የሚመጣውን ፊት በትዕግሥት መጠበቅን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ሌላውን ሰው ያስለዋል፤ እሷ ግን ወደደችው። ነገር የሚያጠራ ሽታ ነው አለች።

ባለፈው ዓመት ለብዙ ጊዜ ስትመኘው የኖረችውን ፉል ፍሬም ካሜራ ገዛች። ፉል ፍሬም የሚሉት ውስጡ ያለው ብርሃን መቀበያ በድሮው የፊልም ክፈፍ ልክ የሆነውን ነው፤ በትንሿ ካሜራዋ በጠባብ መስኮት እንደማየት የነበረው ነገር አሁን በር ተከፍቶ እንደማየት ሆነላት። ግን ያላት ገንዘብ ሁሉ ሌንስ ለሌለው ለካሜራው አካል፣ ለቦዲው ብቻ አለቀ። የትንሿ ካሜራ ሌንሶች አዲሱ ላይ ሲገቡ የፎቶውን ዳር ዳር አጥቁረው መሐሉን ብቻ እንደ ቧንቧ አፍ ክብ አድርገው ይተዉታል። አዲስ ሌንስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ጌታቸው ትዝ ያሏት።

ጋሽ ጌታቸው ፎቶ ቤታቸውን ከዘጉ ቆይተዋል። ገፈርሳ አጠገብ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ከልጃቸው ከቲቲ ጋር ይኖራሉ። ወርቅቱ የመጣችበትን ስትነግራቸው ሳቁ።

"ሌንስማ አለ። ሬሳ የማትጸየፊ ከሆነ።"

ቲቲ ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን እየጎተተች አወጣች። ክዳኑ ሲነሳ የወጣው አየር ወርቅቱን ወደ ኋላ ገፋት። እርጥበት፣ የበሰበሰ ቆዳ፣ የአይጥ ሽንት። የሌንሶቹ የቆዳ ማኅደሮች አረንጓዴ ጠጉር አብቅለዋል።

"ያዣቸው እንጂ" አሉ ጋሽ ጌታቸው።

"ጋሼ፣ ጓንት አይኖርዎትም?"

"ጓንት! ልጅት ዛሬም አለች።"

በሁለት ጣቷ ረጅሙን ሌንስ አወጣችና በመስኮቱ ብርሃን አሻግራ አየችው። ከመስታወቱ ውስጥ ነጫጭ ክሮች ልክ እንደ ሥር ተዘርግተዋል። ሻጋታው መስታወቱን እየበላ ነው። ከመሐሉ ላይ ደግሞ እግሮቿን ሰብስባ የደረቀች ትንሽ ነፍሳት ተጣብቃለች። እንዴት አድርጋ ነው በብረትና በመስታወት በተዘጋ ነገር ውስጥ የገባችው? ገብታስ ስንት ጊዜ እዚያ ውስጥ ስትርመሰመስ ኖራለች?

"ይሄ ይጣል፣ ጋሼ። ወደ ሌላውም ይጋባል።"

"አልጥለውም" አሉና ከእጇ ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት። "የቡራዩን ልጅ ሁሉ በእሱ ነው ክርስትና ያነሣሁት።"

ሁለተኛው አጭር ሌንስ ነበር፤ ሃምሳ ሚሊሜትር። ውስጡ ጥሩ ነው። ውጭው ግን፣ ፎከስ ለማድረግ የሚዞረው ጎማ አርጅቶ እንደ ተላመጠ ማስቲካ ጣት ላይ ይለጠፋል። ወርቅቱ ደጅ ወጥታ በአልኮልና በጥጥ ትፈትገው ጀመር። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ትጥለዋለች፤ ሌላ ታነሳለች፤ እሱም ጥቁር።

"ይሄ ሁሉ እድፍ የማን እጅ ነው?" አለች ሳታስበው።

"የኔ" አሉ ጋሽ ጌታቸው በሩ ላይ ቆመው።

ፊቷ ቀላ። እሳቸው ግን የተቀየሙ አልመሰሉም። ሌንሱን ተቀበሏትና በጣታቸው ከሥሩ ያለውን ቀለበት ቀጭ ቀጭ እያደረጉ አሳዩአት። "የዚህን ዓይን እዚህ ላይ ነው የምትከፍችውና የምትዘጊው፤ እንዳሁኑ በካሜራው አይደለም። ስምንት ላይ አድርጊና ሥሪበት። አስራ ስድስት ላይ ከዘጋሽው ከአፍንጫሽ ሥር ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ ያለው ሁሉ ይታያል። አንድ ነጥብ አራት ላይ ከከፈትሽው ደግሞ ዓይን ብቻ ይታይና ሌላው ሁሉ ጭጋግ ነው። እሱን ተይው፤ እሱ መብራት ሲጠፋ ነው።"

ሌንሱን ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገናኝ ቀለበት ፒያሳ አገኘች። መጀመሪያ ካሜራው አልቀበልም አለ። ሌንስ የለም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ሜኑው ውስጥ ገብታ ሌንስ ሳይኖርም አንሳ ብላ አዘዘችው። ፎከሱን ራሷ በእጇ እያዞረች መፈለግ ነበረባት፤ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ዓይን ትተው ጆሮ ላይ አረፉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ሌንሱ ውስጥ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። ግን እያደር እጇ ለመደው።

ነገሩ የገባት ሱሉልታ ላይ ነው። ከአንድ የቪዲዮ ቡድን ጋር ሰርግ ልታነሳ ሄዳ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙሽራዋን ከገብስ ማሳ ዳር አቆመችና የጋሽ ጌታቸውን ምክር ትታ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ከኋላ ያለው ሁሉ ቀለጠ። የቆርቆሮ አጥሩ፣ የአሸዋው ክምር፣ የቆሙት ሚኒባሶች፣ በመንገዱ የሚሮጡት አትሌቶች ሁሉ እየተጠማዘዘ እንደሚሽከረከር ለስላሳ ወርቃማ ነገር ሆነ። ከዚያ መሐል የሙሽራዋ ፊት ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ። ትንሿ ካሜራ ላይ ቢሆን የዚህ ግማሹ ተቆርጦ በቀረ ነበር።

የቪዲዮ ቡድኑ ባለቤት ወንዲ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ አየ።

"ወርቄ! ይሄ ፏ ያለ ነው! ከኋላዋ አሸዋ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር።"

"የት ገባ?"

"ሌንሱ በላው።"

ወንዲ ጥቂት አሰበ። ወንዲ ሲያስብ ደግ ነገር አይመጣም።

የጥር ሰርግ ሲደርስ ደውሎ ጠራት። መናፈሻዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፣ ገፈርሳ ጥበቃዎቹ አያስገቡም፣ እሱ ግን እዚያው ሰበታ ማንም ያልነካው ሎኬሽን አግኝቷል። ወርቅቱ ቦታውን ስታየው ሳቀች፤ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ከቆዳ ፋብሪካው በታች ያለው የወንዙ ዳር ነው። ውሃው ድንጋዩን እየዘለለ በሚወርድበት ቦታ ነጭ አረፋ እንደ ጥጥ ተከምሮ፣ ነፋሱ እየቆረሰ በባሕር ዛፎቹ መሐል ያንሳፍፈዋል።

"ስኖው!" አለ ወንዲ እጁን ዘርግቶ። "በሌንስሽ አስቢው። ስኖው!"

ሽታውን በምን ቃል መናገር ይቻላል? የበሰበሰ ቆዳ፣ የበሰበሰ እንቁላልና ኖራ አንድ ላይ ነው። በአፍ ቢተነፍሱት ምላስ ላይ ይቀመጣል። ወርቅቱ በሁለት ማስክ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ እንኳ ሽታው አልፎ ይደርሳት ነበር።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ ሄመን የምትባል፣ ሳቂታ የባንክ ሠራተኛ ነበረች። ከመኪና ስትወርድ አበባዋን አፍንጫዋ ላይ ለጠፈች።

"ኧረ ምንድነው የሚሸተው?" አለ ሙሽራው ኪሩቤል።

"የገጠር አየር ነው ባክህ" አለ ወንዲ። "አምስት ደቂቃ ብቻ! እመኑኝ፣ አምስት ደቂቃ!"

ሚዜዎቹ ሽቶ ያርከፈከፉበትን ሶፍት ተቀባበሉ። ሄመን ትንፋሿን ይዛ ትስቃለች፤ ወርቅቱ በትኚው ስትላት አረፋውን በእጇ አፍሳ ሽቅብ ትበትናለች፤ ወርቅቱ የካሜራውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ሄመን ዞር ብላ ታስላለች። አንድ ቁራጭ አረፋ እየተንሳፈፈ መጥቶ ቬሎዋ ላይ አረፈ። ከሩቅ ነጭ የነበረው ከቅርብ ቢጫ ነው፤ መሐሉ ላይ የከብት ጠጉር አለበት። ወንዲ ማንም ሳያይ በእንጨት አነሳው።

በካሜራው መስኮት ያለው ዓለም ግን አይሸትም። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የምሽቷ ፀሐይ በአረፋው ውስጥ አልፋ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ክብ የብርሃን ሳንቲም ሆናለች። ጥቁሩ ውሃ ሰማያዊ ጭጋግ ነው። የፋብሪካው ግንብ የለም። ሄመን ከበረዶ አገር የወጣች ትመስላለች። ወርቅቱ በማስኳ ውስጥ እያቅለሸለሻት ፎቶውን አየችና ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ደስ ያላት። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም።

ፎቶው በቲክቶክና በቴሌግራም ዞረ። "የሰበታው በረዶ" የሚል ስም ወጣለት። ከአዲስ አበባ ሙሽሮች "እዚያ በረዶው ጋ" እያሉ ይደውሉ ጀመር። ያን ጥር ወርቅቱ ከዚያ ወንዝ ዳር አልጠፋችም። ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቤቷ ስትመለስ ልብሷን ደጅ አውልቃ፣ ጸጉሯን እየደጋገመች እየታጠበች፣ እየተጸየፈች ሠራች። የሄመንን ፎቶ አስፋፍታ አሳተመችና የፎቶ ቤቷ መስኮት ላይ ሰቀለችው።

ጥር አልቆ፣ የካቲት ሲጋመስ አንድ ሽማግሌ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ኦቦ ቦጂያ ይባላሉ። ከወንዙ ግርጌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የአባቷ ባልንጀራ ነበሩ።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏትና እጃቸውን ዘረጉ።

ወርቅቱ እጃቸውን አየችው። በጣቶቻቸው መሐል ያለው ቆዳ ተገሽልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ውሃ ያዥቃል። "ፈያ፣ ኦቦ ቦጂያ፤ ኢሲን ሆ?" አለችና እጄ እርጥብ ነው በሚል ክንዷን ሰጠቻቸው። እሳቸውም የተለመደ ነገር እንደሆነ ሁሉ ክንዷን ጨበጡ። ያ የተለመደ መሆኑ ነው ቆይቶ ያንገበገባት።

ወንበሩ ላይ አስቀምጣ አነሳቻቸው። ሊወጡ ሲሉ መስኮቱ ጋ ቆም አሉ።

"ይቺ ልጅ የት ቆማ ነው?"

"እዚሁ፣ ወንዙ ዳር።"

"የቱ ወንዝ?"

"ከፋብሪካው በታች ያለው።"

"ዋቃ ኮ!" አሉ ኦቦ ቦጂያ አምላካቸውን ጠርተው። ወደ ፎቶው ቀረቡ፣ መልሰው ራቁ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "የገርባ ልጅ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ያነሳሽው?"

ከወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ነገሯት። እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው አቤት ለማለት አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄደው ነበር። ላም ሞቶ የተወለደ ጥጃ ጣለች። ጎመኑን የሚያጠጣ ሰው ሁሉ እግርና እጁ ይቆስላል። ኃላፊው በትዕግሥት ሲያዳምጣቸው ቆየና ስልኩን አወጣ።

"'ይኸው' አለን። 'ይሄ የእናንተው ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ ሙሽራ እየመጣ የሚነሳበት ነው። የሚገማና የሚያቆስል ቢሆን ሰው በሰርጉ ቀን ይመጣል?' አለን። ስልኩን ተቀባበልን። እኔም አየሁት። ቆንጆ ነው። ሌላ አገር መስሎኝ ነበር። ምን እንበል? ተነሥተን ወጣን።"

ወርቅቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀፈፋት የሰው እጅ ወይም የሰው ኮት አልነበረም፤ ከመስኮቱ ላይ የተሰቀለው፣ ንጹሕና አንጸባራቂ ወረቀቱ ነው። ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አላስተናገደችም።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራዋን ይዛ ኦቦ ቦጂያ ዘንድ ሄደች። ከእሳቸው ጋር ወንዙ ዳር ወርዳ ሄመን የቆመችበት ድንጋይ ላይ የካሜራውን ማቆሚያ ተከለች። ሌንሱ ያው ነው። ቀለበቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገች እስከ አስራ ስድስት ዘጋችው።

አሁን ሁሉም ነገር ታየ። የተላጨ ቆዳ ቁርጥራጭ ድንጋዩ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጥፏል። የከብት ጠጉር ከስብ ጋር ተጋግሮ ዳር ዳሩን እንደ ቆሸሸ ምንጣፍ ይዟል። ውሃው ከፋብሪካው ቱቦ ሲወጣ ሰማያዊ ነው፤ ወረድ ሲል ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። አረፋው መሐል ትሎች ይርመሰመሳሉ። ጭቃው ውስጥ ደግሞ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አየች። ቀረብ ብላ ስታይ ሙሽሮቹ ላይ የተበተነው ወረቀትና የፕላስቲክ አበባ ነው። የእሷ ደንበኞች ጣጣ። ከአጥሩ ሥር የሞተው ጥጃ ተጥሏል፤ ውሻ እንኳ አልነካውም።

ፎቶውን ደጋግማ አነሳች። ከዚያ ባሕር ዛፍ ተደግፋ አስታወከች። ኦቦ ቦጂያ መጥተው በዚያ በቆሰለ እጃቸው ግንባሯን ደገፉላት። ልትሸሽ አሰበች፤ አልሸሸችም።

"ይወጣልሽ፣ ይወጣልሽ" አሉ። "እኛ ለምደነው ነው።"

ትልልቅ አድርጋ አሳተመቻቸውና ገበሬዎቹ ቢሮ ሲመለሱ አብራ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። ኃላፊው ክፉ ፊት ያለው ሰው አልነበረም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ ጠርዛቸውን ይዞ አየ። አጠገቡ ላለው አሳየ።

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ። "ግን አሁን ባለው ቴክኖሎጂ ይህን ለመሥራት ደቂቃ አይፈጅም። በኤአይ ስንቱ እየተሠራ ነው።"

"በካሜራ ነው ያነሳሁት። ቦታውም እዚህ ቅርብ ነው፤ አሁን ሄደን ማየት እንችላለን" አለች ወርቅቱ።

"ያንን የሙሽራዋንስ ማን ነው ያነሳው?"

"እኔ ነኝ" አለች። "አንድ ቦታ ነው። ሌንሱም አንድ ነው። ያኔ ከፍቼው ነው፣ አሁን ዘግቼዋለሁ። ሲከፈት የኋላውን..." ካሜራውን አንስታ ልታሳያቸው ሞከረች። ማንም ወደ ካሜራው አላየም።

"አንድ ቦታ ከሆነ" አለ ኃላፊው በለሆሳስ፣ "አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው። የትኛው ነው ውሸቱ?"

"የሙሽራዋ።"

"እንግዲያው መዋሸትሽን ራስሽ መሰከርሽ። ሁለተኛውን በምን እንመን?"

የታሸገውን ውሃ ከፍቶ ጠጣ። ሲውጥ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ወርቅቱ አየችው፤ ዓይኗን ልታነሳ ብትሞክር አልሆነላትም። ይጣራል ተብሎ ስብሰባው ተበተነ።

ደጅ ላይ አንዲት ጎመን ሻጭ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁ ሴትዮ፣ ከፊቷ ቆሙ። "ሙሽራ ስታነሺ ዓይንሽ የት ነበር?" አሏት። ኦቦ ቦጂያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ሴትዮዋን ገለል አደረጓቸው።

ማምሻውን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ቴሌግራም ላይ ለቀቀቻቸው፤ ከሥሩ ቦታውንና ነገሩን ጻፈች። ብዙ ሰው አዘነ፤ ብዙ ሰው የሚያለቅስ ምልክት ላከ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። "የመጀመሪያው በምን ሌንስ ነው?" "ቀለሙን ያስተካከልሽበትን ፕሪሴት ትሸጫለሽ?" "በረዶው እስከ መቼ ይቆያል? ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው።" ስልኩን ትራስ ሥር ወረወረችው።

ሄመን መጣች። ደውላ አይደለም፤ ራሷ፣ በሥራ ሰዓት፣ የባንክ ልብሷን ለብሳ። ቁጣዋ ከበር ነው የጀመረው።

"ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ በእጄ አፍሼ ሽቅብ በትኜዋለሁ! አንቺ ነሽ በትኚው ያልሽኝ!" እጇን አሁን እንደነካው ሁሉ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ቬሎውን ላውንደሪው ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። ሽታው አይለቅም። ፎቶውን ከሳሎን ላውርደው ስለው ደግሞ ኪሩቤል እምቢ አለ። ያምራል፣ ማን ያውቃል ይላል። እኔ አውቃለሁ! እራት ስበላ ፊት ለፊቴ ነው፤ በላሁ ማለት እኮ አልችልም።"

ወርቅቱ ሌላ ቦታ እንደገና በነጻ ላንሳችሁ አለቻት። ሄመን ራሷን ነቀነቀች። የሰርግ ቀን ሁለት ጊዜ አይመጣም አለች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ስትወጣ የመስኮቱን ፎቶ አብረው አወረዱት። ወርቅቱ ቀዳድዳ ጣለችው።

ወር ሳይሞላ ሰዎች መጥተው ከወንዙ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ሄዱ ተባለ። ውጤቱን የሰማ የለም። ግን ከዚያ በኋላ አረፋው ጠፋ። ፋብሪካው አረፋ የሚያጠፋ መድኃኒት ቱቦው ላይ መጨመር ጀምሯል ብለው ሠራተኞቹ ራሳቸው አወሩ። ውሃው ጥቁርነቱ ያው ነው፤ ሽታውም ያው ነው፤ ነጩ ብቻ ነው የሄደው።

ወንዲ ደወለ። ድምፁ የእውነት ያዘነ ነበር።

"ወርቄ፣ ስኖው እኮ አለቀ! ሄጄ አየሁት፣ ምንም የለም። ለሚያዝያ አራት ሙሽራ ይዣለሁ። ሌላ አረፋ ያለበት ወንዝ ታውቂያለሽ? በዱከም በኩል አለ የሚል ሰምቻለሁ።"

"ወንዲ፣ ስልኬን አጥፋው።"

"ከሌላ ሰው ጋር ልትሠሪ ነው?"

ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ወንዲ ስልኩ ራሱ የኋላውን የሚያደበዝዝለት ሰው ቀጥሮ ይሠራል፤ ሥራው ጥሩ እየሄደ ነው ይባላል።

ኦቦ ቦጂያ የቀሩትን ላሞች ሸጠው፣ ተጂ ከተማ ያገባች ልጃቸው ዘንድ ገቡ። የተወለዱበትን መሬት የተዉት በሰባ ዓመታቸው ነው። የመታወቂያ ፎቶአቸውን ሳይወስዱ ሄዱ። ወርቅቱ በሰው ላከችላቸው፤ እጃቸው እየዳነ ነው፣ የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ የሚል መልስ መጣላት።

እሷ አሁንም ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ሰርግም ታነሳለች። ሃምሳውን ሌንስ አልጣለችውም፤ ሙሽራ ስታነሳ ከኋላ ያለውን መጀመሪያ ሄዳ ታያለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ ነው የምትከፍተው። ደንበኛ ይሰለቻል። አንዳንዱም ጥሎ ይሄዳል።

ወንዙን ማንሳትም አልተወችም። ማንም አላዘዛትም፤ የሚገዛትም የለም። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ትቆምና ዘግታ ታነሳለች። የፋብሪካው ጥበቃ ያደታ መጀመሪያ ሊያባርራት ሞክሮ ነበር፤ አሁን ግን ከማማው ሆኖ ዝም ብሎ ያያታል። አንድ ቀን ወርዶ አጠገቧ ቆመ። ሻርፑን አፉ ላይ ይዟል።

"እህቴ፣ በከንቱ ነው የምትደክሚው" አለ። "ሽታው እኮ አይነሳም።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ቤቴ ስገባ ልጆቼ አያቅፉኝም።" ይህን ብሎ፣ ያልተገባ ነገር የተናገረ ይመስል ቶሎ ወደ ማማው ተመለሰ።

ወርቅቱ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች። ወደ ከተማ የሚገባ ሚኒባስ ያዘች። የወንዙ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳያዘው ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን ሰደደና መስኮቱን ዘጋ። አንዲት እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ከፊት የተቀመጠው ሰው ስለ ዘይት መወደድ የጀመረውን ቀጠለ። ድልድዩን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ መስኮቶቹ እንደገና አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከወርቅቱ ጎን ያለው ግን ተበላሽቶ ኖሮ አልከፈት አለ፤ ከወንዙ በልብሷ ይዛው የመጣችው ሽታ ከእሷ ጋር ውስጥ ቀረ። "ወራጅ አለ" አለች፣ ፎቶ ቤቷ ገና ሩቅ ሳለ፤ ወርዳ በእግሯ ሄደች።